በካናዳ ከእንግሊዝኛና ከፈረንሳይኛ ተናጋሪ ገዢዎች ጋር መደራደር፤ ለአንድ ቡና ላኪ የተሰጠ ምላሽ

ውድ ጠያቂ፣ ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው። ከሲዳማና ከጉጂ የታጠበና ደረቅ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ የሚልክ ድርጅት ይመራሉ። በሚመጣው ወር ካናዳ ሄደው ሞንትሪያል ካለ አንድ ቡና ቆይ (ጥሬ ቡና ገዝቶ የሚቆላ) ድርጅትና ቶሮንቶ ካለ አንድ አስመጪ ጋር ፊት ለፊት ሊነጋገሩ ነው። በየትኛው ቋንቋ መነጋገር እንደሚገባዎት፣ ዋጋ እንዴት እንደሚቀርብና ስጦታ መያዝ ይገባ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከዚህም በላይ የቶሮንቶው ሰው በቪዲዮ ስብሰባ «በጣም ደስ የሚል ሐሳብ ነው» ካለዎት በኋላ ለሳምንታት ድምፁ የጠፋበትን ምክንያት ለማወቅ ፈልገዋል።

ሌላውን ሁሉ ለመረዳት የሚያግዘው የዝምታው ጉዳይ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። በእኛ ዘንድ ይሉኝታ የያዘው ሰው እንግዳውን ፊት ለፊት «አልፈልግም» አይለውም፤ «እስቲ እናያለን» ብሎ ያሳልፈዋል፣ ሰሚውም ከአነጋገሩ ቃና ቁርጡን ያውቀዋል። ካናዳዊውም፣ በተለይ እንግሊዝኛ ተናጋሪው፣ በፊት ለፊት ንግግር ማንንም ማስከፋት የማይወድ ሰው ነው፤ ነገር ግን የእሱ ምልክቶች ከእኛዎቹ ይለያሉ። «ደስ የሚል ሐሳብ ነው»፣ «ከቡድናችን ጋር እንነጋገርበታለን»፣ «በኋላ እንገናኛለን» የሚሉት አባባሎች በራሳቸው እሺታም እምቢታም አይደሉም፤ ስብሰባውን በሰላም መዝጊያ ናቸው። እርስዎ ይህን እንደ እሺታ ወስደው ይጠብቃሉ፤ እሱ ደግሞ እርስዎ ተጨማሪ ነገር ስላልጠየቁ ጉዳዩን አልገፉበትም ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። ሁለቱም ወገን በጨዋነት ተለያይቶ ሁለቱም በተሳሳተ ግምት ሲቀመጥ በኢትዮጵያና በካናዳ ነጋዴዎች መካከል ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ብዙ ውል የሚቀረውም በዋጋ አለመስማማት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

መድኃኒቱ ጨዋነቱን ሳይተዉ ጥያቄውን ወደ ተቆረጠ ነገር ማምጣት ነው። ገዢው የምር ሲፈልግ ጥያቄዎቹ ይለወጣሉ፤ ናሙናው መቼ እንደሚደርስ፣ ቡናው በየትኛው ወር እንደሚጫን፣ ስንት ከረጢት እንዳለ፣ የእርጥበት መጠኑ ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ካልመጣ እርስዎ ያምጡት። ለቶሮንቶው ሰው «ባለፈው ውይይታችን ደስ ብሎኛል፤ ምን ወሰናችሁ?» ብለው ቢጽፉ መልሱ እንደገና ለስላሳ ይሆናል። ይልቁንስ «ከጉጂው ደረቅ ቡና 300 ግራም ናሙና በሚቀጥለው ሰኞ በፈጣን መልእክት ልልክልዎ እችላለሁ፤ የሚላክበትን አድራሻ እስከ ሐሙስ ቢያሳውቁኝ፤ ዘንድሮ የማይመችዎ ከሆነም ይህንኑ ቢነግሩኝ ለመጪው ምርት እመለሳለሁ» ብለው ይጻፉ። የመጨረሻዋ ሐረግ እምቢ ለማለት በር ስለምትከፍትለት አይናቁዋት፤ እምቢታን በክብር የሚቀበል ሻጭ ካናዳ ውስጥ በሚቀጥለው ዓመት በቀላሉ ይታወሳል።

አሁን ወደ ቋንቋው ልለፍ። ካናዳ የሁለት ቋንቋ አገር ናት ሲባል ሕዝቧ ሁሉ ሁለቱንም ቋንቋ ይናገራል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እኩል እንዲሠራ በሕግ ተደንግጓል (ከዚህ በኋላ «ዓ.ም.» ካላልኩ በቀር ዓመቶቹና አብረዋቸው የተጠቀሱት ወሮች በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2021 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ግን በሁለቱም ቋንቋ መነጋገር የሚችለው ከመቶ 18 ያህሉ ብቻ ነበር። ከአሥሩ ክፍላተ ሀገር በሕግ ሁለት ቋንቋ ያለው ኒው ብረንስዊክ ብቻ ነው። ኦንታሪዮ፣ ማለትም የቶሮንቶ ክፍለ ሀገር፣ ሥራው በእንግሊዝኛ ነው፤ የኩቤክ፣ ማለትም የሞንትሪያል ክፍለ ሀገር፣ ብቸኛ የሥራ ቋንቋ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ ጉዞዎ በወግና በሕግ ወደሚለያዩ ሁለት ገበያዎች ነው ብለው ቢያስቡ ይሻላል።

በኩቤክ የቋንቋ ጉዳይ ለምን እንደሚከብድ ማወቅ ይገባል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በሞንትሪያል ትልልቁ ንግድ፣ ባንኩና ፋብሪካው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እጅ ስለነበር፣ በቁጥር የሚበልጠው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ በገዛ ከተማው ከአለቃው ጋር በሌላ ቋንቋ ካልተነጋገረ እድገት አያገኝም ነበር። በ1977 የወጣው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ቻርተር ይህን ለመለወጥ የመጣ ነው፤ በ2022 ደግሞ ሌላ ሕግ አጠናክሮታል፣ ከሰኔ 2025 ጀምሮም 25 ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሳይቀር በቋንቋው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ግዴታው ሆኗል። በመካከሉ፣ በ1980ና በ1995፣ ኩቤክ ራሷን የቻለች አገር ትሁን ወይስ አትሁን የሚል ሁለት ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ፣ ሁለተኛው ከመቶ ከአንድ ነጥብ ጥቂት በሚበልጥ ልዩነት ነው የወደቀው። ሰላምታ እንኳ አከራካሪ ነው፤ የሞንትሪያል ሱቆች ደንበኛን «ቦንዡር፣ ሃይ» ብለው በሁለቱም ቋንቋ መቀበላቸው ቅር ያሰኘው የኩቤክ ምክር ቤት በ2017 «ቦንዡር» ብቻ ይባል ሲል በሙሉ ድምፅ ጥሪ አቅርቧል። የቋንቋ ጥያቄ ምን ያህል ልብ እንደሚነካ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ስለ መገንጠልም ሆነ ስለ ቋንቋ ሕጉ እርስዎ ወሬ አይጀምሩ፤ እነሱ ካነሱት ይስሙ፣ ይጠይቁ፣ አይፍረዱ።

ፈረንሳይኛ የማይችሉ ከሆነ ይህ ሁሉ አያስፈራዎት። የሞንትሪያል ቡና ነጋዴ ዕቃውን የሚገዛው ከዓለም ዙሪያ ስለሆነ ከእርስዎ ጋር በእንግሊዝኛ መነጋገር አይከብደውም። የሚያስከፋው ያለ ጥያቄ እንግሊዝኛ ይገባዋል ብሎ መነሳት ነው። የመጀመሪያውን ደብዳቤ በፈረንሳይኛ በተጻፉ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች ይክፈቱት፤ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሸጡ፣ በእንግሊዝኛ መቀጠል ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁበት። ለዚህ የትርጉም ማሽን አይበቃም፤ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ሰው አይጠፋምና ያስነብቡት። ሲገናኙም «ቦንዡር» ብለው ይጀምሩ፣ ከዚያ ፈቃድ ጠይቀው ወደ እንግሊዝኛ ይሻገሩ። የካምፓኒዎ መግለጫ ወረቀትና የቢዝነስ ካርድዎ አንዱ ገጽ በፈረንሳይኛ ቢሆን ከማንኛውም ስጦታ የበለጠ ዋጋ አለው።

ፈረንሳይኛ የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በሊሴ ገብረ ማርያም ወይም በአሊያንስ የተማሩት የፓሪሱን ፈረንሳይኛ ነው። በኩቤክ «ዲኔ» ብለው ከጋበዙዎ የሚጠብቁዎት ለምሳ ነው፤ የእራት ግብዣ «ሱፔ» ይባላል፣ «ዴዥኔ» ደግሞ ቁርስ ነው። ይህን ያላወቀ እንግዳ ምሳ ሰዓት ላይ ሆቴሉ ተኝቶ ይገኛል። የኩቤክ ሰው ከፈረንሳዩ ይልቅ ቶሎ ወደ «አንተ» ይወርዳል፤ እርስዎ ግን በአክብሮቱ አጠራር ይጀምሩና እነሱ ሲለውጡ አብረው ይለውጡ። አነጋገራቸው ከፓሪሱ መለየቱንም በጨዋታ መልክ እንኳ አያንሡ።

ቶሮንቶ ሌላ ዓለም ናት። በ2021 ቆጠራ ከከተማዋና ከአካባቢዋ ነዋሪ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከካናዳ ውጭ የተወለደ ነበር። የሚያነጋግሩት አስመጪ ከሕንድ፣ ከሊባኖስ ወይም ከኮሎምቢያ ቤተሰብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «ካናዳውያን እንዲህ ናቸው» የሚለውን የእኔንም ምክር እንደ መነሻ ብቻ ይያዙት። አንድ የጋራ ነገር ግን አላቸው፤ ስብሰባው አጭር ነው፣ አስቀድሞ የሚላክ የመወያያ ነጥብ ይፈልጋል፣ በተባለው ሰዓት ይጀመራል፣ በተባለው ሰዓት ያልቃል። የጤና፣ የቤተሰብና የጉዞ ሰላምታው ከአምስት ደቂቃ አያልፍም። ይህን እንደ መናቅ አይውሰዱት። ሞንትሪያል ላይ ምሳው ረዘም፣ ጨዋታው ሞቅ ይላል፤ ሰዎቹም «በዚህ ዋጋ አልስማማም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ከቶሮንቶዎቹ ይልቅ ይቀላቸዋል። እንዲህ ያለ ግልጽ ክርክር ሲገጥምዎ ደስ ይበልዎት፤ የተቃወመዎ ሰው ሊገዛ እያሰበ ነው።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ የተለየ ወጥመድ አለውና። ቀጠሮ ሲይዙ በእኛ አቆጣጠር አስበው በእንግሊዝኛ አይጻፉ። ከቀኑ 10 ሰዓት በአዲስ አበባ ማለት በእነሱ አጻጻፍ 16፡00 ነው፤ በዚያን ጊዜ ቶሮንቶና ሞንትሪያል በክረምታቸው ከጧቱ 8፡00፣ በበጋቸው 9፡00 ይሆናል፤ ምክንያቱም ሁለቱ ከተሞች ከመጋቢት ሁለተኛ እሑድ እስከ ኅዳር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ (ወሮቹ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናቸው)። የሁለቱን ከተሞች ሰዓት ጎን ለጎን ጽፈው ይላኩ። ቀንንም በቁጥር ብቻ አይጻፉ፤ 05/06 ለአንዱ ካናዳዊ ሰኔ 5፣ ለሌላው ግንቦት 6 ነው። የወሩን ስም ይጻፉት።

ሞንትሪያል ያለው ቆይ ድርጅት ምናልባት ከሁሉ በፊት ወደ ቅምሻ ክፍሉ ያስገባዎታል። ይህ መስተንግዶ ይመስላል፣ ግን የድርድሩ ዋና ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ የእርስዎ ቡና ከሌሎች አገሮች ቡናዎች ጋር በቁጥር ብቻ ተለይቶ ይደረደራል። ቀማሾቹ የተፈጨውን ያሸትታሉ፣ ውኃ ይፈስበታል፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አረፋውን በማንኪያ ሰብረው እንደገና ያሸትታሉ፣ ከዚያ ፉት እያሉ ነጥብ ይጽፋሉ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዝምታ ነው ሕጉ። «ይሄኛው የኛ ነው፣ የጃስሚን ሽታው ተሰማችሁ?» ማለት ቀማሹን ከመጫን ይቆጠራል። እርስዎም ማንኪያ ይዘው አብረው ይቅመሱ፣ ነጥብዎን ይጻፉ፣ የሌላውን አገር ቡና በቅንነት ያድንቁ፣ በራስዎ ቡና ላይ ጉድለት ካገኙም ውይይቱ ሲከፈት ቀድመው ይናገሩ። የራሱን ቡና ጉድለት የሚያውቅ ላኪ ስለ ጥሩው ሲናገርም ይታመናል። ወደ ቅምሻ ሲሄዱ ሽቶ አይቀቡ፤ ቅምሻ ባይኖርም ብዙ የካናዳ መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኞቻቸው ጤንነት ሲሉ ሽቶ እንዳይቀባ ይጠይቃሉ።

አሁን ዋጋው። በእኛ ገበያ ሻጭ ከፍ አድርጎ ይጠራል፣ ገዢ ዝቅ አድርጎ ይመልሳል፣ መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ ይህ ነውር የሌለበት ወግ ነው። በካናዳ የንግድ ቤቶች ግን የመጀመሪያው ዋጋ ከመጨረሻው ብዙ እንደማይርቅ ይታሰባል። ከፍ አድርገው ጠርተው ገዢው ቅር ሲለው በአንድ ጊዜ 40 ሴንት ቢቀንሱ፣ የረከሰ ዋጋ አገኘሁ ብሎ አይደሰትም፤ «የመጀመሪያው ዋጋ ታዲያ ከየት መጣ?» ብሎ ይጠራጠራል፣ የሚቀጥለውንም ዋጋዎን አያምንም። ስለዚህ ዋጋዎን ከነመሠረቱ ያቅርቡ። ከኒውዮርኩ የአረቢካ ገበያ ጋር የተያያዘ ከሆነ ከየትኛው የመረከቢያ ወር በላይ ስንት ሴንት ዲፈረንሻል (ከገበያው ዋጋ ያለው ልዩነት) እንደሆነ፣ ቁርጥ ዋጋ ከሆነ ደግሞ የቀይ እሸቱ ግዢ፣ ማጠቢያው፣ ማበጠሪያው፣ እስከ ጅቡቲ ያለው ማጓጓዣ ምን ያህሉን እንደሚይዝ በግልጽ ያስረዱ። በተለይ ልዩ ጣዕም ያለው ቡና የሚገዙ ቆይዎች ይህን ዝርዝር ለደንበኞቻቸው ጭምር መናገር ይወዳሉ።

ዋጋው ባለበት ሆኖ ሌላው ነገር ሁሉ ሊለዋወጥ ይችላል፤ የካናዳ ገዢ እውነተኛ ድርድር የሚያደርገውም እዚያ ላይ ነው። የመጫኛ ወር፣ የክፍያ ሁኔታ፣ የከረጢት ዓይነት፣ ናሙናው ካልጸደቀ ሽያጩ ይቀራል ወይስ ሌላ ናሙና ይላካል የሚለው ሁሉ ዋጋ አለው። በክፍያ ላይ አስቀድመው ይዘጋጁ። ካናዳዊው አገር ውስጥ የለመደው ዕቃውን ተቀብሎ በ30 ቀን መክፈልን ነው፤ የእርስዎ ባንክ የሚያውቀው ደግሞ ኤልሲን (የገዢው ባንክ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና)፣ ሰነድ ሲቀርብ የሚፈጸም ክፍያን ወይም ቅድሚያ ክፍያን ነው። ይህ የእርስዎ እምነት ማጣት ሳይሆን የአገራችን የውጭ ምንዛሪ ሥርዓት መሆኑን፣ ውሉም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት የሚመዘገብ መሆኑን ገና በመጀመሪያው ስብሰባ ይንገሩት። መጨረሻ ላይ ሲሰማው እንደ አዲስ ቅድመ ሁኔታ ይቆጥረዋል። አንድ ነገር ሲለቁም በምላሹ የሚፈልጉትን አብረው ይናገሩ፤ «ሁለት ኮንቴይነር ከወሰዳችሁ በፓውንድ 6 ሴንት እቀንሳለሁ» ማለት ያስከብራል።

የቁጥር አጻጻፍ ቀላል ነገር እየመሰለ ገንዘብ ያስወጣል። ካናዳ ውስጥ «ዶላር» ብቻ ከተባለ የካናዳ ዶላር ነው፤ እሱም ለበርካታ ዓመታት ከአሜሪካው አንሶ ቆይቷል። ቡና የሚሸጠው በአሜሪካ ዶላር ስለሆነ በየዋጋው አጠገብ ይህንኑ ይጻፉ። በኩቤክ ፈረንሳይኛ አጻጻፍ ሴንቱን የሚለየው ነጥብ ሳይሆን ነጠላ ሰረዝ ነው፣ የዶላሩ ምልክትም ከቁጥሩ በኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ 4,25 ብለው ከጻፉልዎ አራት ዶላር ከ25 ሴንት ማለት ነው። መለኪያውንም ይለዩ፤ ካናዳ በኪሎ የምትመዝን አገር ብትሆንም የቡና ዋጋ የሚነገረው በፓውንድ ነው። አንድ የተለመደ የእኛ ኮንቴይነር፣ 320 ከረጢት በ60 ኪሎ፣ 19,200 ኪሎ ወይም 42,300 ፓውንድ ገደማ ነው፤ በአፍ የተሳተች 10 ሴንት ብቻ ከ4,200 ዶላር በላይ ታመጣለች።

የሕጉ ልዩነት ለጠበቃ ብቻ የሚተው አይደለም፤ በአነጋገርዎ ላይ ይወጣል። ኦንታሪዮ በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የተመሠረተውን የእንግሊዝን የኮመን ሎው ሥርዓት ትከተላለች፤ ኩቤክ ከ1994 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ የራሷ የፍትሐ ብሔር ሕግ አላት፣ ሥሩም ፈረንሳይ ነው። የእኛም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ስለሆኑ፣ የአዲስ አበባ ጠበቃዎ የኩቤኩን አስተሳሰብ ከኦንታሪዮው ይልቅ ቶሎ ይረዳዋል። የኩቤክ ሕግ በአንቀጽ 1375 ተዋዋዮች ውሉ ሲፈጸም ብቻ ሳይሆን ግዴታው ሲመሠረትም በቅን ልቦና እንዲሠሩ ያዛል፤ በኦንታሪዮ ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 ያጸናው የሐቀኝነት ግዴታ የሚመለከተው የውሉን አፈጻጸም ነው። ስለዚህ በሞንትሪያል ሌላ ገዢ ሳይኖር «ሌላ ገዢ ጠብቆኛል» ማለት ከነውርነቱ በላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል።

ከዚህ ይበልጥ ሊያስተውሉት የሚገባው ዋጋ ሲያቀርቡ የሚሰጡት ቀነ ገደብ ነው። በኩቤክ ሕግ አንቀጽ 1390 መሠረት ጊዜ የተወሰነለት የሽያጭ ሐሳብ ጊዜው ሳያልፍ አይነሣም። ካናዳ የተቀበለችውና ከ1992 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ዕቃ ሽያጭ ስምምነትም ጊዜ የተወሰነለትን ሐሳብ በተመሳሳይ መንገድ ያየዋል። «ይህ ዋጋ እስከ ዓርብ ይጸናል» ብለው ጽፈው ማክሰኞ የኒውዮርክ ገበያ 15 ሴንት ቢዘል፣ ሐሙስ «እሺ ገዝቻለሁ» የሚል መልስ ሊደርስዎ ይችላል፣ ያን ጊዜም የታሰሩት እርስዎ ነዎት። ገበያው በሚዋዥቅበት ሰሞን ቀነ ገደቡን ወደ 24 ሰዓት ያሳጥሩት፤ አለዚያም «በእኛ የመጨረሻ ማረጋገጫ ብቻ የሚጸና» ብለው ይጻፉ። ብዙ የሰሜን አሜሪካ ገዢዎች በኒውዮርክ ያለውን የግሪን ኮፊ አሶሲዬሽን መደበኛ ውል ስለሚጠቀሙ፣ ገዢዎ ይህን ውል ካቀረበ ክርክር ቢነሣ በዚያ የግልግል ሥርዓት እንደሚታይ አውቀው ይፈርሙ። በድርድር የደረሳችሁበት የውጭ ንግድ ውል በእንግሊዝኛ ብቻ ቢጻፍ በኩቤክም ችግር የለውም። የተቆላ ቡና አሽገው ለሱቅ መሸጥ ከጀመሩ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የካናዳ የማሸጊያ ጽሑፍ በሁለቱም ቋንቋ መሆን አለበት፣ በኩቤክ ደግሞ ሌላ ቋንቋ ከፈረንሳይኛው ጎልቶ መታየት የለበትም።

ከየስብሰባው በኋላ፣ በዚያው ቀን፣ የተስማማችሁበትንና ያልተስማማችሁበትን በአጭር ኢሜይል ይላኩ። በስብሰባው ያገኙት ሰው ብቻውን አይወስንም፤ ጥራት ክፍሉ፣ ሒሳብ ክፍሉ፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ይጠየቃሉ፣ እነሱም የሚያዩት ያንን ኢሜይል ነው። በሌላ በኩል በጅምላ ለማያውቋቸው ገዢዎች የሽያጭ ኢሜይል መበተን ይቅርብዎ፤ ካናዳ ከሐምሌ 2014 ጀምሮ ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሚላክ የንግድ መልእክትን የሚቀጣ ሕግ አላት፣ ከውጭ የሚላከውንም ይመለከታል።

ስጦታን በተመለከተ ትንሽ ጀበና ወይም ስፌት ይበቃል፤ ለአንድ ሰው ሳይሆን ለቢሮው፣ ውይይቱ ካለቀ በኋላ ይስጡ። ብዙ ድርጅቶች ሠራተኛቸው ውድ ስጦታ እንዳይቀበል የሚከለክል ደንብ ስላላቸው ዋጋው የከበደ ነገር ተቀባዩን ያስጨንቀዋል። ጾም ላይ ከሆኑ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት ምግብ በሁለቱም ከተማ በቀላሉ ይገኛል፣ ለብቻው መጠየቅም አያሳፍርም። ቤት ከተጋበዙ በር ላይ ጫማ ያወልቁ። ሰኔ 24 በኩቤክ፣ ሐምሌ 1 በመላው ካናዳ በዓል ነው፤ በሐምሌ የመጨረሻ ሁለት ሳምንታትም ኩቤክ ውስጥ ብዙ ሰው ዕረፍት ይወጣልና በእነዚያ ቀናት መልስ ቢዘገይ አይደንግጡ (እነዚህም በእነሱ አቆጣጠር ናቸው)።

የቀረው በመካከል የሚገባው ሰው ነው። ቶሮንቶም ሞንትሪያልም የወገን እጥረት የለም፤ ዘመድ ወይም ጓደኛ «እኔ አብሬህ እገባለሁ» ይልዎታል፣ ቋንቋውንና መንገዱን ስለሚያውቅም ይጠቅማል። ነገር ግን የካናዳው ገዢ ያ ሰው አስተርጓሚ ይሁን ወኪል ወይስ የካምፓኒው ባለድርሻ ከመጀመሪያው ደቂቃ ማወቅ ይፈልጋል። ኮሚሽን የሚከፈለው ከሆነ በእርስዎና በእሱ መካከል በጽሑፍ ይደረግ፤ ዋጋ የመናገር ሥልጣን ከሌለው ይህንኑ ያስታውቁ፤ አለዚያ እርስዎ ዝም ባሉበት እሱ የተናገረው ቁጥር እንደ እርስዎ ቃል ይያዛል።

በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ስለሚነገር አንድ አነጋገርም አጥብቄ ላስጠንቅቅዎ። እኛ ዘንድ «ጉምሩክ ላይ ችግር የለም፣ የማውቀው ሰው አለ፣ እኔ አስጨርሰዋለሁ» ማለት ለገዢው ማረጋጊያ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ከቅልጥፍና በቀር ሌላ ነገር ታስቦበት አይባልም። ካናዳዊው ግን ይህን ሲሰማ ጉቦ ይታየዋል። አገሩ ከ1999 ጀምሮ ለውጭ አገር ባለሥልጣን የሚሰጥን ጉቦ በወንጀል የሚቀጣ ሕግ አላት፣ ቅጣቱም እስከ 14 ዓመት እስራት ይደርሳል፤ ጉዳይ ለማፋጠን የሚሰጥ ትንሽ ገንዘብ በዚያ ሕግ ተፈቅዶ የነበረው እስከ ጥቅምት 2017 ብቻ ነው። ከ2024 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ ትልልቅ ድርጅቶች በአቅርቦት ሰንሰለታቸው ውስጥ የግዳጅና የሕፃናት ጉልበት እንዳይኖር ምን እንዳደረጉ በየዓመቱ ለመንግሥት ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ስለ ለቃሚዎችና ስለ ማጠቢያ ጣቢያ ሠራተኞች ረጅም መጠይቅ ቢላክልዎ ምክንያቱ ይህ ነው፣ ቅር ሳይሰኙ በሐቅ ይሙሉት። ስለ ጉምሩክ ሲጠየቁም በሰው ትውውቅ ፋንታ አንድ ወረቀት ያቅርቡ፤ የጥራት ምርመራው፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀቱ፣ የትውልድ አገር ምስክር ወረቀቱና የባንክ ፈቃዱ እያንዳንዳቸው በየትኛው መሥሪያ ቤት፣ በስንት የሥራ ቀን እንደሚወጡ፣ ከዚያም ከመጋዘንዎ እስከ ጅቡቲ ወደብ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በቅደም ተከተል የተጻፈበት ይሁን።